የኋላ ስፒከሮቹ ጭጭ ሲሉ

ዲቪዲ ማጫወቻውን በቀይና ነጭ ገመድ ከሆም ቴአትሩ ጋር አገናኘሁት። ድምፅ የሚወጣው ግን ከፊት ካሉት ሁለት ስፒከሮች ብቻ ነበር። የኋላዎቹ ጭጭ። ንግግር የሚወጣበት የመሃሉም ትንፍሽ አይልም። ስፒከሮቹ ግን ደህና ናቸው፤ የሪሲቨሩን (ስፒከሮቹ የሚሰኩበትን የሆም ቴአትሩን ዋና ሳጥን) የቴስት ድምፅ ስከፍተው ሁሉም ተራ በተራ ጮኹ።

ነገሩ ያለው ገመዱ ጋ ነው። ቀይና ነጩ የሚያሳልፈው የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው። የ5.1 ድምፅ (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ የቤዝ ስፒከር ለየብቻ የተከፈለው) በዲጂታል መውጫ በኩል ይመጣል፤ ከማጫወቻው ጀርባ «ኮአክሲያል» ወይም «ኦፕቲካል» የሚለውን ፈልጉ። የእኔው ኮአክሲያል አለው። ለእሱ ሲባል ገንዘብ ማውጣት አላስፈለገም፤ ቢጫው የቪዲዮ ገመድ ልክ ኮአክሲያሉ እንደሚፈልገው 75 ኦም ስለሆነ ልክክ ብሎ ይሠራል።

ገመዱ ገብቶም የኋላዎቹ ዝም እንዳሉ ናቸው። የማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ስገባ የዲጂታል ድምፁ «ፒሲኤም» ላይ ተደርጓል፤ በዚህ ገመድ እሱም የሚያሳልፈው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። የዲስኩን ድምፅ እንዳለ ለሪሲቨሩ ወደሚልከው «ቢትስትሪም» ቀየርኩት (አንዳንዱ ላይ «ሮው» ይላል)። ሪሲቨሩንም ኮአክሲያል ላይ አደረግኩት። ወዲያው «ዶልቢ ዲጂታል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ የፊልሙ ዝናብም ከጀርባዬ ይወርድ ጀመር።

የድሮ ቪሲዲ ያላችሁ ግን አትልፉ፤ እሱ ሲቀዳም ስቴሪዮ ብቻ ነው።