የትራፊክ ደንብን እናቅልል ስንል የምናበላሸው

ሥራዬ የመንገድ ደህንነት ደንቦችን ከሕግ ቋንቋ አውጥቼ ማንም አንብቦ በሚገባው መልክ መጻፍ ነው። የጀማሪዎችን ረቂቅም አያለሁ። አንዱ ስህተት ግን ለስንተኛ ጊዜ እንደመጣብኝ እንጃ፣ ዛሬ ትዕግሥቴ አልቋል።

እሱም ግዴታን ምክር ማድረግ ነው። ደንቡ "እግረኛ ዜብራ ላይ ከገባ አሽከርካሪው መቆም አለበት" ይላል። የቀለለው ጽሑፍ ደግሞ "ለእግረኞች ቅድሚያ ብንሰጥ መልካም ነው"። መልካም ነው? ሰላምታ ነው እንዴ? ኧረ ተዉ! ግን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ "አለበት" የሚለው ቃል በዛብኝና ጽሑፉ ሰውን የሚቆጣ እንዳይመስል ብዬ ግማሹን "ይመከራል" አደረግኩት። ረቂቁን ያየ የትራፊክ ፖሊስ "ነገ አንዱን ሾፌር ባስቆመው ያንተን ወረቀት አውጥቶ 'ይመከራል ነው እኮ የሚለው' ሊለኝ ነው" አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሕጉ "አለበት" ይሁን፣ ምክሩ "ይመረጣል"፤ ሁለቱ አይቀላቀሉ። ብሪታንያ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምታሳትመው የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ሕግ የሆነውን ግዴታ ዛሬ በትልልቅ ፊደል ለይቶ ያወጣዋል።

"ገባህ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም "አዎ" ይላል። አንዲት አንባቢ "አደባባይ ውስጥ ላለ መኪና ቅድሚያ ይስጡ" የሚለውን ጽሑፌን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። ሥዕል ዘርግቼ "የትኛው መኪና ነው የሚያልፈው?" ስላት ጣቷን መሃል ሳሩ ላይ አሳረፈችና "ግን እዚህ ምን ይሠራል?" አለች። እውነቷን ነው፣ "ውስጥ" ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን "አደባባዩን እየዞረ ያለው መኪና ይለፍ፣ እርስዎ ይጠብቁ" ብዬ ነው የምጽፈው።

"በቂ ርቀት ይጠብቁ" የሚለውም ያናድደኛል። በቂ ስንት ነው? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል፤ ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት መኪናው ፍጥነት መቀነስ ሳይጀምር 14 ሜትር አለፈ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሰው ግን ሁለት እጥፍ ይመስለዋል። ሜትር መገመት ለማይችል ሰው የሁለት ሴኮንዱን ዘዴ ስጡት። ፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ "አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት" ይበል። ሳይጨርስ ምሰሶው ጋ ከደረሰ ተጠግቷል። ይህ ለደረቅ መንገድ ነው፤ ዝናብ ካለ ቢያንስ እጥፍ ያድርገው።

ምልክቶችን ለማሳመር አትነካኩ። አንድ ዲዛይነር የ"ቁም" ምልክትን ከሌሎቹ ጋር እንዲሄድለት ብሎ ክብ አድርጎ አመጣልኝ። ስምንት ማዕዘን የሆነው እኮ ጭቃ ቢሸፍነውም፣ ከጀርባም ቢታይ እንዲለይ ነው!

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ አትልቀቁ፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው መተግበሪያ ባዶ ሥዕል ነው የሚያየው።

ለሾፌር ብቻም አትጻፉ። በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

ቀን ጻፉበት። ባለፈው አንድ ጎበዝ ጀማሪ ሥራውን ሲያሳየኝ "ቀኑስ?" አልኩት። "ታች ጥጉ ላይ አለ" አለኝ። አየሁት፣ አለ። ግን ወረቀቱ የታተመበት ቀን እንጂ ደንቡ የጸናበት አልነበረም።