ታብሌት ላይ በእጅ ስትጽፉ

መጀመሪያ ብዕሩ ላይ አትቸኩሉ። ጫፉ ጎማ የሆነው ብዕር ከጣት አይሻልም፤ የእጅን ግፊት ስለማይለይ እኔን ወራት አድክሞኛል። ብዕሩ ከመሣሪያው ጋር መስማማቱንም አረጋግጡ፦ አፕል ፔንስል ሳምሰንግ ላይ አይጽፍም። የሳምሰንጉ ኤስ ፔን ደግሞ ለመጻፍ ቻርጅ አይፈልግም፤ ይህን እጅግ እወድለታለሁ።

ትልቁ ችግር የፊደል መጠን ነው። መስታወት ያንሸራትታል፤ በትንሹ ከጻፋችሁ የ«ቡ» እና የ«ቢ» ቅጥያ ይምታታል። ስለዚህ ገጹን አጉልታችሁ፣ ሰፊ መስመር መርጣችሁ ጻፉ። ሻካራ የስክሪን ልባጥ ብዕሩን ያዝ ያደርገዋል፤ የብዕሩን ጫፍ ቶሎ ቢበላም እኔ አልተውኩትም። መዳፋችሁ ጭረት ካበዛ፣ መተግበሪያው ብዕር ብቻ እንዲቀበል አስተካክሉት።

ስትጨርሱ በፒዲኤፍ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።