የካውንስል ታክስ ፖስታ ሲመጣ ማን ይከፍላል?

ሰሞኑን ለእረፍት ጅማ ነኝ። ትናንት ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣሁ ሁለት ወጣቶች ያዙኝ። እሱ ለማስተርስ፣ እሷ ለሥራ፣ ወደ እንግሊዝ ሊሄዱ ነው። አንድ ቤት ለመጋራት አስበዋል።

«ጋሼ፣ ካውንስል ታክስ የሚሉትን ማን ነው የሚከፍለው?» አለችኝ።

«አከራዩ ነዋ! የቤት ግብር አይደል?» ብሎ እሱ ቀደመኝ።

እኔም ስሄድ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። እዚህ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የባለቤቱ ጣጣ ነው። ተከራይ የሚጣላው በመብራት ቆጣሪ ነው። እዚያ ግን ካውንስሉ፣ ማለትም ግብሩን የሚሰበስበው የአካባቢው አስተዳደር፣ መጀመሪያ የሚፈልገው ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ነው። ሂሳቡ ቤቱ በኤፕሪል 1991 እ.ኤ.አ. ያወጣ በነበረው ዋጋ ከኤ እስከ ኤች በተደለደለ እርከን ይሰላል። አዎ፣ ዛሬም በዚያው ነው።

የመጀመሪያ ቤቴን የያዝኩት ከሦስት ልጆች ጋር ነው። አራታችንም አንድ ውል ላይ ፈረምን። ቡናማው ፖስታ ሲመጣ ስሜ ከላይ ነበር። አንዱ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ ገባ፣ ሌላው ሥራ ፈታ። ካውንስሉ ጋ ደውዬ «የኔን ሩብ ከፍያለሁ» አልኩ። ሩብ የሚባል ነገር የለም ተባልኩ። በጋራ ከፈረማችሁ እያንዳንዳችሁ ለሙሉው ተጠያቂ ናችሁ። የጓደኛን ድርሻ መጠየቅ የናንተው የቤት ሥራ ነው፤ በይሉኝታ ያለፍኩት ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ስለዚህ ውሉ ላይ ከኪራዩ በፊት የተከራያችሁት ምን እንደሆነ አንብቡ። እያንዳንዱ ለየክፍሉ የራሱ ውል ካለው፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ብቻ የጋራ ከሆነ፣ ካውንስሉ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። አከራዩ ስማችሁን ቢያስተላልፍ እንኳ የውሉን ኮፒ ለካውንስሉ ላኩ። እሱ በበኩሉ ወጪውን ኪራዩ ውስጥ ሊጨምረው ይችላል። «ቢል ተካቷል» ሲላችሁ «ካውንስል ታክስም?» በሉ፤ አንዳንዱ መብራትና ውሃ ማለቱ ነው።

አበሻ ዘንድ በደባልነት መግባት ሌላ ነው። ቤቱን የተከራየው እሱ ከሆነና አብሮ የሚኖር ከሆነ ተጠያቂው እሱ ነው። ግን ብቻውን ነኝ ብሎ 25 በመቶ ቅናሽ ሲያገኝ ከቆየ፣ «በስምህ ደብዳቤ እንዳይመጣ» ይላችኋል። እሺ አትበሉ። ባንክ ሂሳብ ለመክፈት የአድራሻ ማስረጃ ሲጠየቅ የሚቸገረው አዲሱ ሰው ነው። እሱም ተጨማሪ ሰው መግባቱን ካላሳወቀ ቅናሹን መልሶ ይከፍላል።

ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ አትወርውሩት። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ጃንዋሪ በ10 ወር ይከፈላል። አንዱ ሲያልፍ የሰባት ቀን ማስታወሻ ይመጣል፤ ያኔም ካልከፈላችሁ የዓመቱን ቀሪ በአንዴ ይጠይቃሉ፣ ቀጥሎ ፍርድ ቤት ነው። «እኔ አይደለሁም ከፋዩ» የምትሉ ከሆነ ለካውንስሉ በጽሑፍ አመልክቱ። በሁለት ወር መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካችሁ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኝ የቫልዌሽን ትሪቡናል የሚባል ችሎት አለ። በነጻ ነው።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ስሰብክ ስልኳን አወጣች። የተላከላቸው ውል ነው። ለሙሉው ቤት፣ ሁለት ስም፣ የሷ ከላይ።

«እሱ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ስለሆነ አይቆጠርም» አልኳት። «አንቺ ብቻ ነሽ የምትጠየቂው። ግን ብቻዋን እንደምትኖር ሰው 25 በመቶ ይቀነስልሻል። 160 ፓውንድ የነበረው 120 ይሆናል፤ ማመልከት ግን አለብሽ።»

ልጁን አየችው። ስኒውን አስቀመጠ።

«እሺ፣ መብራቱ በኔ ይሁን» አለ።