የጣናን ውኃ ሙቀት ከፕሮክ ወደ ሲስኤፍኤስ ሳዛውር

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባስቀመጥኳት ትንሽ የሊኑክስ ቦርድ የሐይቁን ውኃ ሙቀት እለካለሁ። ሴንሰሩን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ንባቡን፣ የሴንሰሩን ስሪትና የስህተት ቆጠራውን በሙሉ ፕሮክ (/proc) በሚባለው የሊኑክስ ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ላይ ደርድሬው ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ መስመር ብጨምርበት አንባቢው ስክሪፕት ተሳከረ። የስህተቱን ቁጥር ሙቀት ነው ብሎ ሲመዘግብ አደረ። የአንድ ሌሊት መረጃ እንዲሁ ሄደ። በጣም አናደደኝ።

ጥፋቱ የስክሪፕቱ አይደለም፤ የቦታው ነው። ፕሮክ በመሠረቱ የፕሮሰሶች፣ ማለትም እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞች፣ ቤት ነው። ለመሣሪያ መረጃ ከ2.6 ከርነል (ከርነል የሊኑክስ እምብርት ነው) ጀምሮ ሲስኤፍኤስ (/sys) የሚባል ሌላ ቦታ አለ። ደንቡም አንድ ፋይል፣ አንድ ዋጋ ነው።

ሙቀቱን ኤችደብሊውሞን (hwmon) በሚባለው፣ የሴንሰር ንባቦችን በሲስኤፍኤስ በሚያቀርበው የከርነሉ ክፍል በኩል አስመዘገብኩት። አሁን ፋይሉን ስከፍት 24500 ብቻ ይላል። አሃዱ የዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሺኛ ስለሆነ 24.5 ዲግሪ ማለት ነው። ደስ ያለኝ፣ ሴንሰርስ የሚባለው ትዕዛዝ ምንም ሳልጽፍለት አነበበው። የሬጅስተሮቹን (የሴንሰሩን ውስጣዊ ቁጥሮች) ዝርዝር ለስህተት ፍለጋ ወደተዘጋጀው ቦታ፣ ወደ ዲበግኤፍኤስ፣ ወሰድኩት። እሱን ከእኔ በቀር የሚፈልገው የለም፤ ነገ ብቀይረውም ማንም አይጎዳም።

አንድ ነገር ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤችደብሊውሞን 1 የነበረው የሴንሰሩ ፎልደር ኤችደብሊውሞን 0 ሆኖ ተነሳ። ቁጥሩ ቋሚ አይደለም ለካ! ስለዚህ ስክሪፕቱ በየፎልደሩ ያለውን የስም ፋይል እያነበበ ሴንሰሩን በስሙ እንዲፈልግ አደረኩት። ከዚያ ወዲህ መብራት ሁለቴ ሄዷል፤ ንባቡ አልተዛባም።