ባዶ የከረመ ሻወር ቤት ሲሸት

የባሕር ዳርን የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ፣ ብዙም የማይገባበት ሻወር ቤት ካላችሁ በዚህ ወቅት ድንገት መሽተት ይጀምራል። ሴራሚኩን በበረኪና ብትፈትጉትም አይለቅም። ሽታው ከወለሉ አይደለማ!

ከውሃ መውረጃው በታች ሲፎን የሚባል ጎበጥ ያለ ቧንቧ አለ። እዚያ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው የሴፕቲክ ታንኩን ሽታ እንደ ክዳን አፍኖ የሚይዘው። ሻወሩ ሳይከፈት ሲሰነብት ውሃው ይተንና ሽታው መንገድ ያገኛል።

አንድ ሁለት ጆግ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩ (ዘይት ቢወደድም ሁለት ማንኪያ ነው)። ዘይቱ ውሃው ላይ ተንሳፎ ትነቱን ያዘገየዋል።

በየቀኑ በምትታጠቡበት ሻወር ላይ ዋጋ የለውም፣ ዘይቱ ታጥቦ ይሄዳል። የኩሽና ሲንክ ላይማ በፍጹም፤ ቅባት ቧንቧ ይደፍናል። ውሃ ሞልታችሁም በማግስቱ ከሸተተ ሲፎኑ ያፈስሳል፣ ወይም ጭራሽ አልተገጠመም ይሆናል። ሴራሚክ ልታስቀይሩ ካሰባችሁ አዲሱ ከመነጠፉ በፊት ቧንቧ ሠራተኛው ይየው።