ኦቨን የማይፈልገው የሜክሲኮ ኬክ

ቅዳሜ ማታ ነው። ኬኩ ኦቨን ከገባ ሃያ ደቂቃ አልሞላውም፣ መብራት ድርግም አለ። እኛ ሰፈር፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ መብራት ሲጠፋ ማንም ብዙ አይደነግጥም፤ እኔ ግን አምስት እንቁላል ውስጡ ነበረኝና ደነገጥኩ። የኬኩን መጋገሪያ ቅርጽ ከነፎይሉ አወጣሁና ለድግስ የምናወጣው ትልቁ ድስት ውስጥ አስገባሁት። ግቢ ወጥቼ ከሰል ላይ ጣድኩት። ጠዋት ስገለብጠው ኦቨን ውስጥ ከጋገርኳቸው ሁሉ በለጠ። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ኬክ ኦቨን ነክቼ አላውቅም።

ስሙ ቾኮፍላን ነው። ሜክሲኮ ስል አደባባዩን ማለቴ አይደለም፣ አገሩን ነው። እነሱ «ፓስቴል ኢምፖሲብሌ» ይሉታል፤ የማይሆን ኬክ እንደማለት። የቸኮሌቱን ሊጥ ከሥር፣ ፍላን የሚባለውን የወተትና የእንቁላል ውህድ ከላይ ታፈሳላችሁ። ሲበስል ቦታ ይቀያየራሉ። ተአምር የለውም። ሊጡ ቤኪንግ ፓውደር ስላለበት አየር ይይዝና ይቀላል፣ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ፍላኑ ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል።

መጀመሪያ ካራሜሉ። 1 ብርጭቆ ስኳር ደረቅ ድስት ላይ በመካከለኛ እሳት አቅልጡ። (ብርጭቆ የምለው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው፣ የሻይዋን አይደለም።) አታማስሉት፣ ድስቱን ብቻ አወዛውዙት። ጠቆር ያለ ማር ሲመስል ወዲያው ቅርጹ ውስጥ ገልብጡት። አንድ ደቂቃ ከቆየ ይመራል። ሜክሲኮዎች በዚህ ፋንታ ከፍየል ወተት የሚሠራ ካሄታ የሚባል ካራሜል ይጠቀማሉ። እኛ ስኳራችን ይበቃናል። ቅርጹ 2.5 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ መሃሉ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጎኑን ቅቤ ቀቡት።

ለሊጡ፦ 180 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 40 ግራም ኮኮዋ፣ 170 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ። ቀረፋዋን እንዳትተዉ፤ የሜክሲኮ ቸኮሌት ያለሷ አይሆንም። በሌላ ሳህን 1 እንቁላል፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ብርጭቆ እርጎ። ሁለቱን ቀላቅሉና በመጨረሻ ግማሽ ብርጭቆ ወፍራም ቡና ጨምሩ። እኔ እማዬ ከዘጌ የምታመጣልኝን ነው የማፈላው። ኮኮዋውን ያነቃዋል። ቤኪንግ ፓውደሩ ያነሰባችሁ እንዳይመስላችሁ፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሊጥ ቶሎ ይነፋል። ከበዛ ገንፍሎ ይወድቃል።

ለፍላኑ፦ 1 ቆርቆሮ ጣፋጭ ኮንደንስድ ወተት (400 ግራም ገደማ)፣ 350 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 4 እንቁላል፣ ትንሽ ቫኔላ። ቆርቆሮው ከተወደደባችሁ 1 ሊትር ወተት ከ200 ግራም ስኳር ጋር በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ ከግማሽ በታች እስኪወርድ አትኑት። እንቁላሉን አረፋ እስኪያወጣ አትምቱት፤ አረፋው ፍላኑን ወንፊት ያስመስለዋል። አጥልሉት።

ሊጡን ካራሜሉ ላይ አፍስሱ። ፍላኑን ግን በማንኪያ ጀርባ ላይ እያንጠባጠባችሁ በቀስታ ጨምሩ። ከላይ ሩብ ያህል ባዶ ይቅር። ዘይት በተቀባ ፎይል ሸፍኑት።

አሁን ወደ ድስቱ። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ ቅርጹ እንዳይንቀጫቀጭ። የፈላ ውሃ እስከ ቅርጹ ግማሽ ድረስ አድርጉ። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉና ጫፎቹን ወደ ላይ ቋጥሩ፤ እንፋሎቱ ተመልሶ እንዳይንጠባጠብበት። እሳቱ ውሃውን ሽር ሽር የሚያደርግ ብቻ ይሁን። እዚህ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ አትቸኩሉ፦ ከ1 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ተኩል። ውሃ ካነሰ የፈላ ጨምሩ። ለመጀመሪያው 1 ሰዓት ግን ክዳን መክፈት የለም! እማዬ ድስት ከፍታ ማየት ትወዳለች። «ልጄ፣ ወጡ ተያዘ እንዴ?» እያለች ሁለት ጊዜ አበላሽታብኛለች። ከሰል ከሆነ ደግሞ ደጅ ላይ እንጂ ቤት ዘግታችሁ አይሆንም።

ስንጥር ስትወጉበት ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። እስኪበርድ ተዉት፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ዓርብ ጾም ስለሆነ፣ እኔ ቅዳሜ ማታ ሠርቼ እሑድ ከቡና ጋር ነው የማቀርበው።

ለመገልበጥ፣ የቅርጹን ሥር ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ንከሩት። ዙሪያውን በቢላ አላቁት። ጠርዝ ያለው ሰፊ ትሪ ከላይ ግጠሙበት፣ ካራሜሉ ይፈሳልና። በአንድ ትንፋሽ ገልብጡና ጠብቁ። «ጧ» ብሎ ሲወርድ ይሰማችኋል። ያንን ሳትሰሙ ቅርጹን አታንሱ።