ለእንቅልፍ ብለን ሰውነት ስናላላ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ክረምቱ ሲገባ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ለሌላው ሰው እሹሩሩ ነው። እኔ ግን አንድ ክረምት ሙሉ ጣራ ጣራውን ሳይ አነጋሁ። ጓደኛዬ "ሂፕኖሲስ ሞክሪ" ብላ ሰውነትን እያላላ ሐሳብን የሚሰበስብ የተቀዳ ድምፅ ላከችልኝ። ጎረቤታችን ሰምታ "ቢስሚላሂ! ድግምት ነው እንዴ?" አለች። አልነበረም። የኔ አጠቃቀም ግን ከላይ እስከ ታች ስህተት ነበር።

መጀመሪያ ነገር፣ ሂፕኖሲስ ጭልጥ አድርጎ የሚያስተኛ መስሎኝ ነበር። ያሳሳተኝ ስሙ ነው። በግሪክ "ሂፕኖስ" እንቅልፍ ማለት ነው። ስሙን በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስለመደው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬድ፣ ነገሩ እንቅልፍ አለመሆኑ ሲገባው ሊቀይረው ሞክሮ ነበር፤ ስሙ ግን አልለቀቀም። ሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው ነቅቷል፣ ይሰማል፣ ሲፈልግ ይነሳል። ሐሳቡ ብቻ አንድ ነገር ላይ ይሰበሰባል። እንቅልፉ ከመጣ ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የጅማ ሰው ስህተት ነው ብል አልተሳሳትኩም፦ ቡና። አመሻሽ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ስናበቃ አልጋ ላይ ወጥተን "በዝግታ ተንፍሱ" የሚል ድምፅ እንከፍታለን። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና 5 ሰዓት ሲሆንም ግማሹ ገና ደማችን ውስጥ ነው። የሚቅሙማ አይነሳ። ምርቃናውን በጨብሲ ለመስበር መሞከርም አያዋጣም፤ መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀሰቅሳል። እኔ ቡናውን ወደ ቀን አዞርኩት። በረካው ይቅርብኝ አላልኩም፣ ሰዓቱን ነው የቀየርኩት።

ሦስተኛው፣ እንቅልፍ እምቢ ባለን ሌሊት ብቻ መሞከር። ሰውነትን ማላላት ልምምድ ይፈልጋል። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ያስተማረው ዘዴ ቀላል ነው፤ ከእግር ጣት ጀምሮ አንዱን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያህል ወጠር አድርጎ መልቀቅ፣ ከዚያ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ ትከሻ፣ ፊት። ብዙ ሰው መወጠሩ ላይ ይበረታል። እኔም ባቴን ኩምትር እስኪያደርገኝ ጨምቄዋለሁ። ዋናው ግን መልቀቁ ነው፤ ሲለቅ ምን እንደሚሰማ ረጋ ብሎ ማስተዋል። ቀን፣ ሳይጨንቅዎት ለ10 ደቂቃ ይለማመዱት።

በየመሃሉ "ተኛሁ እንዴ?" እያሉ ራስን መፈተሽና ሰዓት ማየትም አለ። የሚፈትሽ ሰው አይተኛም። 20 ደቂቃ ያህል ሞክረው ካልሆነ ተነሱና ደብዘዝ ባለ መብራት የሚያሰለች ነገር ያድርጉ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። የሚያዳምጡትን ድምፅም ቀድመው ከኢንተርኔት ስልክዎ ላይ ያውርዱት። እኔ ሸለብ ሲያደርገኝ የሳሙና ማስታወቂያ እሪ ብሎብኛል።

የመጨረሻው፣ ሁሉንም በዚህ ለማከም መሞከር ነው። በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለ3 ወር እንቅልፍ ካጡ ሐኪም ያነጋግሩ። እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም የሚልበት ሰው ደግሞ 3 ወርም አይጠብቅ፤ ማላላት ያን አያክመውም። ራሱ አይሰማውምና አብሮት የሚያድር ሰው ድምፁን በስልክ ቀድቶ ይስጠው፣ ለሐኪሙ ያሰማዋል።